ጥቅምት 30ን የማያውቅ መዝገብ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከዕድሩ ስብሰባ ወጥተን ወደ አጠና ተራ ስንወርድ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የድሮ ፕሮግራም ቀን ሁሉ ያምታታል፤ ለምን አፍርሼ በሁለት ሳምንት አዲስ አልሠራውም?» አልሽኝ። እኔም «እናያለን» ብዬሽ ዝም አልኩ። መልስ አጥቼ አይደለም። የዚያን ፕሮግራም የመጀመሪያ መስመሮች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከቀን ስሕተቱም ገሚሱ የእኔው እጅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ነገር መንገድ ላይ ቆሞ የሚወራ ስላልሆነ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

አስቀድሜ የምለምንሽ፣ ኮዱን ስትከፍቺ አትናቂው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ የድሮ ኮድም እንደዚያው ነው። ያገኘው ሁሉ ይቆርጠዋል እንጂ ማን ተከለው፣ ምን ጥላ ሰጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በ2001 ዓ.ም. ይህ ፕሮግራም ሲጻፍ ዕድራችን ሦስት ትልልቅ መዝገቦች ነበሩት። ከእነሱ አንዱ ክረምት ላይ ጣሪያ አፍስሶበት ቀለሙ ተበላሽቶ ነበር። የሟች ስም ከሕያው ተቀላቅሎ፣ ማን ስንት ወር እንደከፈለ ለማወቅ ገንዘብ ያዡ ከመዝገቡ ጋር ሲታገል ያድር ነበር። ፕሮግራሙ ያንን ሸክም አወረደለት። ስንት ለቅሶ ተሸክሞ እዚህ ደረሰ።

አሁን ስሕተቱን ልንገርሽ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ፒኤችፒም ሆነ መዝገቡ የተቀመጠበት ማይኤስኪውኤል ከእናታቸው ይዘውት የመጡት የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። እኔ ማሽኑን የእኛን ዘመን ከማስተማር ይልቅ የእኛን ቀን የእሱን ልብስ አልብሼ አስገባሁት። ኅዳር 3ኛ ወር ነው፤ እሱም 3ኛ ወር አለው፤ ቁጥር ቁጥር ነው፣ ያስቀመጥኩትን መልሶ ይሰጠኛል አልኩ። መስከረም በሰላም አለፈ። ጥቅምትም እስከ 28 ድረስ አለፈ። ጥቅምት 30 ቀን የተመዘገበ ሰው ግን ስክሪኑ ላይ ኅዳር 2 ሆኖ ብቅ አለ። የማሽኑ 2ኛ ወር ፌብሩዋሪ ነዋ! ያለው 28 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 29። «ኤምኬታይም» የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ የተረፈውን ቀን «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ አይመልስልሽም፤ ወደሚቀጥለው ወር ያፈሰዋል። ጳጉሜም ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። 13ኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቅ ጳጉሜ 3 ቀን 1999 ብለሽ ስትሰጪው መስከረም 3 ቀን 2000 ብሎ ይመልስልሻል። ዓመቱን ሳይቀር ቀይሮት ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔም የታጠቅሁት እየሮጥሁ ነበር፤ የዓመቱን ሒሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ለማድረስ።

ሁለተኛው ስሕተት በ2006 መጣ። አንድ ጎበዝ የሰፈራችን ልጅ አዲስ የምዝገባ ገጽ ሠራልን፤ አሁን አገር ውስጥ የለም። ገጹ ከበፊቱ ያማረ ነበር። ቀኑን በሦስት ሳጥን ከፋፍሎ መጻፍ ቀርቶ በአንድ መስመር ሆነ። ያንን መስመር የሚያነበው ግን «ስትርቱታይም» የተባለው ትእዛዝ ነው። እሱ ደግሞ በእዝባር የተጻፈ ቀን ሲያይ እንደ አሜሪካኖቹ ወሩን ያስቀድማል። እኛ ኅዳር 5ን 5/3 ብለን እንጽፋለን፤ እሱ 5ኛው ወር በገባ በ3ኛው ቀን ብሎ ያነባል። ቀኑ ከ12 ሲበልጥ፣ 25/3 ብለን ስንጽፍ ደግሞ፣ 25ኛ ወር የሚባል ስለሌለ ጨርሶ ይክዳል፤ ሐሰት ብሎ ይመልሳል። ዳታቤዙ ውስጥ ያ ሐሰት ዜሮ ሆኖ ይቀመጣል። ዜሮ ለማሽኑ የዘመን መነሻ ነው፤ የፈረንጆቹ 1970 ጃንዋሪ 1።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ያች ዜሮ በሁለት ልብስ ትመጣብሻለች። ቀኑን ሳይቀይር እንዳለ በሚያሳየው በድሮው ገጽ «1/1/1970» ሆና መስከረም 1 ቀን 1970 ትመስላለች። ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ በሚያሳየው በኋለኛው ገጽ ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ትባላለች። ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ተመዘገቡ የተባሉ ብዙ አባላት ስታገኚ እንዳትደናገጪ። ያን ዕለት ማንም አልተመዘገበም። ዕድሩ ራሱ ገና አልተመሠረተም። ያ ቀን አይደለም፣ ባዶነት ነው። ማይኤስኪውኤል ደግሞ በዚያ ዘመን የማይገባው ቀን ሲሰጡት ሁሉንም በዜሮ ሞልቶ ዝም ብሎ ይቀበል ነበር። ዓመቱ አራት ዜሮ፣ ወሩ ሁለት ዜሮ፣ ቀኑ ሁለት ዜሮ የሆነ መስመር ካየሽ እሱም የዚሁ ወንድም ነው።

ጸሐፊያችን የነበሩት አባት ነፍሳቸውን ይማረውና፣ 25 ሲጽፉ ቀኑ እንደሚጠፋ አይተው የራሳቸውን መላ ፈጠሩ። ቀኑ ከ12 ሲበልጥ ወሩን አስቀድመው ይጽፋሉ፤ ሳይበልጥ እንደለመዱት። በእሳቸው ቤት ችግሩ ተፈታ። ለእኔም ለማንም አልነገሩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለዚህ ነው፤ እሳቸው ግን የደበቁ አልመሰላቸውም፣ ሥራቸውን የሠሩ ነው የመሰላቸው። ስለዚህ በዚያ መዝገብ ውስጥ ከጥቅምት መጨረሻዎቹ ቀኖች በቀር ከ12 በላይ የሆኑት ትክክል ናቸው፤ ከ12 ያልበለጡት ተገልብጠዋል። ኮዱን ብቻ ብታነቢ ይህን ልታውቂው አትችዪም። ኮዱ የጸሐፊውን እጅ አያሳይሽም።

የዚህን ዋጋ ማን እንደከፈለ ልንገርሽ፤ አንቺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ። በ2008 ግንቦት አጋማሽ ካለፈ በኋላ አንድ ጎረቤታችን አረፈ። አናጢ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጥሩምባው ተነፍቷል፣ ሴቶቹ ንፍሮውን ጥደዋል። ደንባችን አዲስ አባል ስድስት ወር ካልሞላው ቤተሰቡ የሚያገኘው ገንዘብ ግማሹን ነው ይላል። ኮሚቴው ስክሪኑን ሲያይ ሟቹ የተመዘገበው ጥር 3 ቀን 2008 ነው ይላል፤ አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ግማሹ ተቆጥሮ ለሚስቱ ሊሰጥ ሆነ። እሷም አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች። ፈታችው። የመመዝገቢያው ካርኒ ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ «5/3/2008» ይላል፣ ከሥሩ የገንዘብ ያዡ ፊርማ። ኅዳር 5። ስድስት ወር ካለፈው ቆይቷል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያን ዕለት ወረቀቱ የያዘውን ባይዝ ኖሮ፣ ስሕተት የሌለባት ሴት ኀዘን ላይ ሳለች እንደ ቀማኛ ተቆጥራ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆን ነበር። ሙሉው ተሰጣት። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከእሷ በፊት ስንቱ ካርኒውን ጥሎት፣ ስንቱ «ኮምፒዩተሩ ካለ እንግዲህ ምን ይደረግ» ብሎ ግማሹን ተቀብሎ ሄዶ ይሆን? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተወኝም። አንቺንም እንዳይተውሽ እፈልጋለሁ። ቀን ስታስተካክዪ የምታስተካክዪው ቁጥር አይደለም፤ የአንድ ሰው ቃል ነው።

እንግዲህ ሥራው እንዴት ይሁን? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ስክሪኑ ላይ ያየሽውን የተሳሳተ ቀን አንድ ቀን ጨምረሽ ወይም ቀንሰሽ አትለፊው። ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው፤ «አንድ ቀን ያጎድላል» ሲባል ኮዱ መጨረሻ ላይ አንድ ይደምርና ይሄዳል። ከዚያ በሌላው ዓመት አንድ ቀን ይተርፋል፤ ሌላው መጥቶ ይቀንሳል። ከእጅ አይሻል ዶማ። የምታርሚውን ከማረምሽ በፊት እያንዳንዱ ቀን በየትኛው ገጽ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደገባ ለዪ። በእኔ ገጽ የገባው፣ በ2006ቱ ገጽ በጸሐፊው እጅ የገባው፣ ከዚያ በኋላ የገባው፤ ሦስቱ ሦስት ዓይነት በሽታ ናቸው፣ ለሦስቱም አንድ መድኃኒት ብታጠጪ አንዱን አድነሽ ሁለቱን ትገድያለሽ።

ቀጥሎ ዘመን መቁጠርን ራስሽ ተማሪ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ተዘጋጅቶ የሚገኝ ኮድ አለ፤ አውቃለሁ። ለጃቫ ሰዎች ጆዳ ታይም የእኛን አቆጣጠር ይዟል፤ አይሲዩ የሚባለውም ይዞታል፣ ፒኤችፒም በኢንትል በኩል ይደርስበታል። ተጠቀሚበት፣ ምንም ነውር የለውም። ግን የማታውቂውን ሒሳብ ከሌላ ተቀብለሽ ትክክል መሆኑን በምን ትለኪዋለሽ?

የኔታ በልጅነቴ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፣ ለ4 አካፍል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። 5500 ራሱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ስለሌለው ለኮድሽ ዓመቱ ብቻ ይበቃሻል፤ ለ4 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው ዓመት 366 ቀን ነው። ብዙ ፕሮግራመር የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከፈረንጆቹ ትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ ቀሪ የሌለውን ዓመት ይፈልጋል፤ ሉቃስን ትቶ ዮሐንስን ያረዝማል። ወደ መቶ ዓመቱ ሲደርስም የእነሱን የመቶ ዓመት ደንብ ይጨምርበታል። የእኛ የመቶ ዓመት ደንብ የለውም። በየአራት ዓመቱ፣ ያለ ማቋረጥ ነው።

ሌላው ስሕተት ተደብቆ የሚኖር ነው። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ በወር በወር ቋሚ ሠንጠረዥ የሠራ ኮድ ሦስት ዓመት ያለ እንከን ይሠራል። በሉቃስ መጨረሻ ግን ጳጉሜ 6 ትመጣለች፤ የዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ ያ ኮድ በአንድ ቀን ይስታል። በየካቲት 22 የእነሱም ፌብሩዋሪ 29 ስላለፈ ነገሩ ራሱ ይስተካከላል። ሰው ቅሬታውን ይዞ እስኪመጣ፣ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ፣ ባለሙያ እስኪጠራ በሽታው ድኖ ይገኛል። «አየነው፣ ምንም የለበትም» ይባላል። ቀጥሎ የሚመለሰው በ2019 ጳጉሜ ነው። ከዚያ በፊት ካልያዝሽው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚያወጣ መንገድ አንድ ነው፤ እሱንም ከአጠና ተራ ነው የተማርኩት። እዚያ አጠና የሚቆርጡትን ልጆች ቆመሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ደህናው ቆራጭ አንድ በትር ይይዛል። ሁለተኛውን አጠና የሚለካው በዚያ በትር ነው፤ ሃምሳኛውንም በዚያው በትር። ጀማሪው ግን ሁለተኛውን በመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው ይለካል፤ ሃምሳኛው ላይ ሲደርስ ክንድ ያህል ረዝሟል። ቀንም እንዲሁ ነው። ከእኛ ወር ወደ እነሱ ወር፣ ከእነሱ ወር ወደ እኛ ወር እየዘለልሽ አትለኪ። የወርን ስም ተዪውና ቀኖቹን ከአንድ መነሻ ቁጠሪ። ስሙን መጨረሻ ላይ፣ ለሰው ዓይን ስታሳዪ ብቻ ስጪው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ከዓመቱ 1 ቀንሰሽ በ365 አባዢ። ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ ቀሪውን ጥለሽ ሙሉውን ቁጥር ደምሪ። ያለፉትን ወራት በ30 አባዝተሽ ደምሪ። የወሩን ቀን ደምሪ። ያገኘሽው ከመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ጀምሮ ያ ቀን ስንተኛ እንደሆነ ነው። ያችን ታኅሣሥ 23 ቀን 1962ን እንሞክራት። 1961 ጊዜ 365፣ 715,765 ነው። 1962 ለ4 ሲካፈል 490። ያለፉት ሦስት ወራት 90። ቀኑ 23። ድምሩ 716,368። ይህን ቁጥር በማስታወሻሽ ጻፊው፤ የእኛ ቆጠራና የማሽኑ ዜሮ የተገናኙበት ድልድይ ነው። ከማንኛውም ቀን ቁጥር ላይ 716,368 ቀንሰሽ የቀረውን በ86,400 ስታባዢ የማሽኑን ሴኮንድ ታገኛለሽ። ስትመለሺ ደግሞ በዚያው መንገድ ተመለሺ።

መሞከሪያ አትጪ። እኔ ሦስት አሉኝ። አንደኛው ዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ዛሬ የድሉን በዓል የምናከብርበት የካቲት 23 ግን ማርች 2 ላይ ነው የሚውለው። ልዩነቱ የመጣው እነሱ 1900ን 366 ቀን ያለው ሠግር ዓመት ሳያደርጉት ስለቀሩ ነው። በቀን ቁጥር ብትሠሪው የካቲት 23 ቀን 1888፣ 689,400 ይሆናል፤ ወደ እነሱም በትክክል ይመለሳል። በቋሚ ሠንጠረዥ የሚሠራ ኮድ ግን ዓድዋን ማርች 2 ያደርገዋል። ኮድሽ ዓድዋን ከሳተ ለአያቶቻችን ዘመን አይሆንም፤ በፈረንጆቹ 2100ም የእነሱ ሠግር ስለሚቀር ያንኑ ስሕተት ይደግመዋል፤ ያን ዓመት መስከረም 1 ቀን 2093 ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ገናና ጥምቀት ናቸው። በ2016 ዘመኑ ዮሐንስ ስለነበር ገና ታኅሣሥ 28 ተከበረ፤ በፈረንጆቹ ያው ጃንዋሪ 7። ጥምቀት ግን ጥር 11 ላይ ጸንቶ ጃንዋሪ 20 ሆነ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያልፍ ኮድ ካገኘሽ ልብሽ ይረፍ። ዒድን ግን በዚህ ሒሳብ አትሞክሪው። ኮልፌ ስንኖር ግማሹ ጎረቤታችን ሙስሊም ነው፤ ዒድ በጨረቃ መታየት ነው የሚጸናው፣ ኮድሽ ቀድሞ ሊወስን አይገባውም። ቦታውን ባዶ ትተሽ ኮሚቴው ሲነገረው ይሙላው።

ስለ ሰዓት ጥቂት ልበል። አዲሱ ሰርቨር ውጭ አገር ነው ያለው ብለሽኛል። እሱ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እኛ ዛሬ ስንል እሱ ገና ትናንት ላይ ነው። መስከረም 1 ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በቴሌብር የከፈለ አባል ባለፈው ዓመት እንደከፈለ ይጻፍበታል። ይህን ለማስተካከል ኮዱ ቀላል ነው። የከበደው ሌላው ነው፤ እናቶቻችን «ለማክሰኞ አጥቢያ» ሲሉ ያ ሌሊት ሰኞ ነው ወይስ ማክሰኞ? ይህን አንቺ በኮድ አትፍረጂው። ለጉባኤው አቅርቢው፣ በደንቡ ይጻፍ፣ ከዚያ ኮዱ ደንቡን ይከተል።

የዓመቱን ቁጥር ምንጊዜም በአራት አሃዝ ጻፊ። ይህን የምልሽ ያየሁት ስላለ ነው። መሥሪያ ቤት በነበርኩበት ዘመን ቦታ ለመቆጠብ ዓመትን በሁለት አሃዝ እንጽፍ ነበር። የፈረንጆቹ 2000 ሊገባ ሲል ዓለም ሁሉ ተጨነቀ፤ ለእኛ ያ ቀን ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበርና ተረጋግተን አለፍነው። ጭንቀቱ ግን የዘገየ እንጂ የቀረ አልነበረም። መስከረም 1 ቀን 2000 ከተማው ሁሉ ሚሊኒየሙን ሲያከብር፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፉት የእኛ ፕሮግራሞች 99ን ከ00 አስበልጠው ነው ያደሩት። አዲስ የተቀጠረው ሰው ከሁሉ አንጋፋ ሆኖ በዝርዝሩ አናት ላይ ተገኘ። ለማረም ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል።

የልደት ዓመትም አደራ። ልጆቻቸው ዋሽንግተን ያሉ አባላት ፎርሙን እነሱ ናቸው የሚሞሉላቸው፤ አንዱ 1950 ሲል የእኛን ነው፣ ሌላው 1950 ሲል የእነሱን ነው። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ጡረታ በ60 ዓመት በሚወጣበት አገር ሰባት ዓመት የአንድ ቤት እንጀራ ነው። ስለዚህ ከቀኑ ጎን አቆጣጠሩን የሚናገር ምልክት አኑሪ፤ ሳጥኑም ላይ «በኢትዮጵያ» ወይም «በአውሮፓ» የሚል ምርጫ ይኑር፣ ያለ ምርጫ አያሳልፍ። በዕድሜ የገፉት አባሎቻችን ከታኅሣሥ 1962 በፊት የተወለዱ ስለሆኑ ለማሽኑ ከዜሮ በታች ናቸው። በዊንዶውስ ላይ የነበረው የድሮ ፒኤችፒ ከዜሮ በታች መቁጠር አያውቅም ነበር፤ የእነሱ ልደት ለምን እንደጠፋ ብትገረሚ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ልንገርሽ። የድሮውን ቀን አትደምስሺው። ስሕተት መሆኑን ብታውቂም አትደምስሺው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የአገራችን ሰው። የድሮው ቁጥር እንዳለ በአንድ ዓምድ ይቀመጥ፤ ያረምሽው በሌላ ዓምድ ይግባ፤ በሦስተኛው ደግሞ በምን ማስረጃ እንዳረምሽው ጻፊ። ካርኒ ከሆነ የካርኒውን ቁጥር፣ የሰው ቃል ከሆነ ማን መቼ እንደነገረሽ። ማስረጃ ያላገኘሽለትን «አልታወቀም» ብለሽ ተዪው። ባዶ ቦታ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በግምት የተሞላ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ነገ የሚያየው ሰው ግምቱን ከእውነቱ የሚለይበት ምንም የለውም። እኔ በ2001 ኅዳር 2 ብዬ ከማስቀመጥ «ይህን ቀን አላውቀውም» የሚል ኮድ ብጽፍ ኖሮ ጥቅምት 30 የገቡት ሰዎች እስከ ዛሬ ቀናቸው አይጠፋም ነበር።

በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብለሽኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ኮዱን በሁለት ሳምንት ልትጨርሺው ትችያለሽ፤ እጅሽ ፈጣን ነው፣ አይቻለሁ። ሰዎቹን መጠየቅ ግን ሁለት ወር ይፈጃል። ቤቴል ድረስ የሄዱ አሉ፣ ካራ የገቡ አሉ፣ አየር ጤና ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ዓይናቸው የደከመ እናት አሉ። ስልክ ደውለሽ «የተመዘገቡበት ቀን ስንት ነው?» አትበያቸው፤ አያስታውሱም። «ከእንቁጣጣሽ በፊት ነው በኋላ? ለሚካኤል ነው ለገብርኤል? ያኔ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» በያቸው። ቀኑን ራሳቸው አምጥተው ይሰጡሻል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልልቀቅሽ። የማሽኑ ሴኮንድ በ32 ቢት ሲቀመጥ መጨረሻው 2,147,483,647 ነው። ከዚያ በኋላ ተገልብጦ በእኛ አቆጣጠር ወደ 1894 ይወድቃል። የማይኤስኪውኤል ታይምስታምፕ የሚባለው ዓምድም እዚያው ላይ ይቆማል። በእኛ ቆጠራ መቼ እንደሚሆን ባለፈው ሌሊት ቁጭ ብዬ ሠራሁት። 24,855 ቀን፣ ከዚያም በላይ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ። በዚያ ላይ 716,368 ስትደምሪ 741,223 ይሆናል። ጥር 11 ቀን 2030፤ የጥምቀት ዕለት። ሰዓቱ በእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ነው፤ ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር አድረው ካህናቱ ውኃውን የሚባርኩበት ሰዓት። እኔ እስከዚያ እኖር እንደሆነ እንጃ፤ አንቺ ግን ነጠላሽን ለብሰሽ እዚያ ትገኛለሽ። ያን ጠዋት የዕድሩን ጸሐፊ ስልክ የሚያስጮኽ ነገር እንዳይኖር ዓምዱን ከአሁኑ 64 ቢት አድርጊው፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅብሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነይ። የካርኒ ጉርዶቹ ከ2001 ጀምሮ ያሉት በሙሉ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከአልጋዬ ሥር ናቸው። ስክሪኑ ኅዳር 1ና ኅዳር 2 ከሚላቸው እንጀምራለን፤ እኔ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። መነጽሬ ስለተሰበረ ከቤታችሁ ያለውን ያን ደማቅ የጠረጴዛ መብራት ይዘሽልኝ ነይ።